ትንፋሽ አስይዘን ስለ ትንፋሽ መጠየቅ

የደረት ራጅ ሊነሳ የሚመጣ ሰው ከእኔ የሚሰማው ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «በደንብ ይሳቡ፤ ይያዙት፤ አሁን ይተንፍሱ»። ጨረሩ የሚለቀቀው መካከል ላይ ባለችው «ይያዙት» ሲሆን፣ የሚቆየውም ከሰከንድ ሽራፊ አይበልጥም። ሲቲ ስካኑም ቢሆን ደረትን ከላይ እስከ ታች የሚያካልለው ታካሚው ትንፋሹን በያዘባቸው ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። እንግዲህ ስለ አተነፋፈስ ማስረጃ እንዲሆኑ የሚታዘዙት ምስሎች፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ የሚነሱት ሰውየው መተንፈሱን ባቋረጠበት ቅጽበት ነው ማለት ነው። ለብዙዎቹ የደረት ሕመሞች ይህ ችግር የለውም፤ የሳንባ ምችም ሆነ ዕጢ ትንፋሽ ቢያዝም ባይያዝም ካለበት አይጠፋም። ከቫይረስ ሕመም በኋላ ለሚቀር የትንፋሽ ማጠር ግን ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ሳንባው ሥራውን በአግባቡ እየሠራ መሆኑን ስለሆነ፣ ትንፋሽ ቆሞ የተነሳ ምስል የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜም ጎዶሎ ነው።

የምሠራው ከቸርችል ጎዳና ፈቀቅ ብሎ ባለ አንድ የምርመራ ማእከል ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ ምስል ማንሳት ነው። ምስሉን የሚያነብበው ራዲዮሎጂስቱ፣ ሕክምናውን የሚወስነው ደግሞ የሳንባ ሐኪሙ ነው። ይሁን እንጂ ኮቪድ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ «ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ትንፋሼ ግን አልተመለሰም» የሚል ሰው ከወረፋችን ጠፍቶ አያውቅም። ሕመሙ ኮቪድ ሊሆን ይችላል፤ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ሳይመረመር ያለፈ የክረምት ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ውጤታቸውን ሲቀበሉ «ንጹሕ ነው» የሚለውን ቃል ይሰሙና ከመደሰት ይልቅ ግራ ይጋባሉ፤ አንዳንዶቹም ሕመማችሁ የሐሳብ ነው የተባሉ ያህል ይከፋቸዋል። ምስሉ ምን ማየት እንደሚችልና ምን ማየት እንደማይችል አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ቢኖር ይህ ሁሉ ግራ መጋባት ባልኖረ ነበር።

ከተራው ራጅ ልጀምር። ታካሚው ደረቱን ሰሌዳው ላይ አስጠግቶ፣ አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ወደ ፊት አድርጎ ይቆማል፤ ትከሻው ወደ ፊት የሚመጣው የትከሻው አጥንት ከሳንባው ላይ እንዲነሳ ነው። ወፈር ያለ ሹሩባ ትከሻ ላይ ወርዶ ከሆነ ወደ ላይ እንዲታሰር እጠይቃለሁ፤ በሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላልና፣ የሳንባ ጫፍ ደግሞ ቲቢ የሚወደው ቦታ ስለሆነ ያ ጥላ ሰውን ላልተፈለገ የአክታ ምርመራ ሊዳርገው ይችላል። የአንገት መስቀልን በተመለከተ ማተብ እንዲበጠስ ጠይቄ አላውቅም፤ ክሩ ምስሉ ላይ ችግር ስለማይፈጥር መስቀሉን ብቻ ወደ ላይ ሳብ አድርገው በከንፈራቸው እንዲይዙት እነግራቸዋለሁ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ትንፋሹ ነው። በደንብ በተሳበ ትንፋሽ በተነሳ ምስል ላይ ከጀርባ በኩል 9 ወይም 10 የጎድን አጥንቶች ከዲያፍራሙ (ደረትን ከሆድ ከሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) በላይ ይቆጠራሉ። ከቫይረስ ሕመም የተነሳ ሰው ግን በረጅሙ ሲስብ ሳል ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመዋል። በግማሽ ትንፋሽ የተነሳ ምስል የሳንባውን ታችኛ ክፍል የታመቀና የነጣ ያስመስለዋል፣ ልብንም ከልኩ በላይ ያሰፋዋል። ለዚህ ነው ከማንሳቴ በፊት ሁለት ሦስቴ የማለማምደው፤ ከውጭ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል።

ራጅ ከሕመሙ በኋላ ያለው ትልቁ ጥቅም የሳንባ ምች ይዞት የነበረው ሰው ቁስሉ መጥራቱን ማረጋገጥ ነው። የእንግሊዝ የደረት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ኮቪድ የሳንባ ምች ያስከተለባቸው ሰዎች በ12ኛው ሳምንት ገደማ ራጅ እንዲነሱ መክሯል። ከዚያ በፊት የተነሳ ምስል ገና በመዳን ላይ ያለን ነገር አጉልቶ በማሳየት ያስደነግጣል። እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ የቀድሞ ቲቢ የተወው ጠባሳና በማገዶ ጭስ ዕድሜውን የኖረ ሰው ሳንባ ላይ የሚታየው ለውጥ ከአዲሱ ቫይረስ ምልክት ጋር ሊምታታ ይችላል። ይህን የሚለየው የቆየ ፊልም ነው። በብዙ ቤቶች ቡናማ ፖስታ ውስጥ ሆኖ ፍራሽ ሥር ወይም ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ራጅ አይጠፋም፤ ሰው ግን «ያ የድሮ ነው» ብሎ ትቶት ይመጣል። የሦስትና የአራት ዓመት ፊልም ከአዲሱ ጎን መብራቱ ላይ ሲሰቀል በደቂቃ ውስጥ የሚፈታው ጥያቄ ስንት ጊዜ ወደ ሲቲ እንደተላከ እኔ ብቻ ሳልሆን የክፍሉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አንዲት የልብስ ስፌት ሥራ ያላቸው፣ በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ታሪካቸውን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ከኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም ካገገሙ ወራት አልፏቸዋል፤ ራጃቸው ንጹሕ ነው። ውጤቱን ሲቀበሉ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ተመለከቱና «ልጄ፣ ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ከለገሃር ሽቅብ ስወጣ ፖስታ ቤቱ ጋ የሚያስቆመኝ ምንድን ነው?» አሉኝ። «እናቴ፣ ይህ ቆመው፣ ትንፋሽ ይዘው የተነሱት ነው፤ ዳገቱን አላየውም» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ዳገቱ ላይ አታነሱኝም ነበር?» ብለው ሳቁ። ቀልድ ቢሆንም ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ በዓለም ላይ ያሉ የሳንባ ምስል ተመራማሪዎች የሚለፉትም ይህንኑ ለመመለስ ነው።

የሳንባ ዋና ሥራ የሚሠራው በዓይን በማይታይ ስፍራ ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ሳንባ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ ተዘርግተው ቢለኩ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ። የእያንዳንዱ ከረጢት ስፋት ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አየሩን ከደሙ የሚለየው ስስ ግድግዳ ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር እንኳ ይሳሳል። በሌላ በኩል ጥሩ የሚባል ሲቲ ስካን ነጥሎ የሚያሳየው ትንሹ ነገር ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያንስም። ስለዚህ ያ ግድግዳ በቫይረሱ ምክንያት ትንሽ ቢወፍር፣ ወይም ከጎኑ ያለው ቀጭን የደም ሥር ቢዘጋ፣ ኦክስጅን ለመሻገር ሲቸገር ሲቲው ምንም ላያሳይ ይችላል። ሲቲው የሚያሳየው ጉዳቱ ሲበረታና ሲሰፋ ነው፤ በመጀመሪያ ሳንባው ላይ ጭጋግ የመሰለ ነጣ ያለ ጥላ ይታያል፣ ይህም በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይጠራል፤ በከባዱ በታመሙ አንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ጠባሳ ሆኖ ይቀርና የአየር ቧንቧዎችን ወደ ራሱ እየጎተተ ከልካቸው በላይ ያሰፋቸዋል። የጀበና ፎቶ ጡቱ መደፈኑን እንደማይነግረን ሁሉ፣ ያማረ የሳንባ ቅርጽም አየሩ መግባትና መውጣቱን በራሱ አያረጋግጥም።

እዚህ ላይ ነው አንድ ቀላል ዘዴ የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ የማይታዘዝ በመሆኑ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ሰውየው ትንፋሹን ስቦ በያዘበት አንድ ዙር ሲቲ ይነሳል፤ ከዚያ አየሩን እስከ መጨረሻው አውጥቶ ባዶ ሆኖ በያዘበት ሁለተኛ ዙር ይነሳል። በሲቲ የጥግግት መለኪያ አየር −1000፣ ውኃ ደግሞ 0 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምስሉ ይጠቁራል። ጤነኛ ሳንባ ሲተነፍስ አየሩ ስለሚወጣ በሁለተኛው ምስል ላይ በሙሉ ግራጫ ይሆናል። ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች በቫይረሱ ቆስለው የጠበቡበት ቦታ ግን አየሩ እዚያው ታስሮ ስለሚቀር እንደ ጠቆረ ይቆያል፤ ሳንባውም የተጣጣፈ ጨርቅ የመሰለ መልክ ይይዛል። በተለምዶ በትንፋሽ ማውጫው ምስል ላይ ከ−856 በታች ሆኖ የቀረው ክፍል እንደታሰረ አየር ይቆጠራል። የአሜሪካው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኮቪድ በኋላ ምልክቱ ባልለቀቃቸው 100 ሰዎች ላይ ይህን አድርገው እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ ሆስፒታል ሳይተኙ ባገገሙት ላይ እንኳ የታሰረው አየር ከሳንባቸው ሩብ ያህሉን እንደያዘ፣ በጤነኞቹ ላይ ግን 7 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ነገሩ የኮቪድ ብቻ አይደለም፤ አዴኖቫይረስ የሚባለው በሕፃናት ላይ ትንንሾቹን ቧንቧዎች እስከ መድፈን ሊደርስ ይችላል። ሕፃን ልጅ ደግሞ «አውጣና ያዝ» ቢባል አይሰማምና በጎኑ ተኝቶ ይነሳል፤ ከሥር የዋለው ሳንባ በራሱ ክብደት ስለሚታመቅ ትንፋሽ ያወጣ ያህል ይሆናል።

የስፌት ባለሙያዋ እናት ኋላ ላይ የሳንባ ሐኪም አይቷቸው ይህንኑ ምርመራ አዞላቸው መጡ። አየሩን አውጥቶ ባዶ ሆኖ መቆየት ከመሳብ ይልቅ እንደሚከብድ ያየሁት እርሳቸው ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተጋድመው ከንፈራቸውን አሹለው «ፉ...» እያሉ እስከ መጨረሻው እንዲያወጡ ደጋግመን ተለማመድን። በሁለተኛው ዙር ምስል ላይ በሁለቱም ሳንባዎቻቸው ታችኛ ክፍል ጠቆር ጠቆር ያሉ ቦታዎች ቀርተው ነበር። ራጁም ሆነ የመጀመሪያው ዙር ሲቲ እነዚህን አላሳየም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዲያፍራሙ ነው። ቫይረስ ነርቭንም ስለሚጎዳ አንዳንድ ሰው ላይ ሳንባው ደህና ሆኖ የሚያስተነፍሰው ጡንቻ ይዳከማል፤ እንዲህ ያለው ሰው ቆሞ ሳይሆን ሲጋደም ይብስበታል። ይህን ለማየት ውድ ማሽን አያስፈልግም። በየሆስፒታሉ ባለው አልትራሳውንድ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል በጉበቱ ውስጥ አሻግሮ ማየት ይቻላል፤ በዝግታ ሲተነፍሱ ዲያፍራሙ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፣ በረጅሙ ሲስቡ ደግሞ በብዙ እጥፍ ይወርዳል። ፍሎሮስኮፒ (ራጅን እንደ ቪዲዮ በቀጥታ የሚያሳይ መሣሪያ) ባለበት ቦታ ደግሞ ታካሚው በአፍንጫው በፍጥነት «ሽክ» አድርጎ እንዲስብ ይደረጋል፤ ደህናው ጎን ወደ ታች ሲወርድ የሰነፈው ጎን ሽቅብ ይወጣል። ከምናነሳቸው ምስሎች ሁሉ ትንፋሽን በእንቅስቃሴው ላይ እያለ የሚያሳዩን እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ ነገር አይደሉም። በጃፓን የተሠራ ተንቀሳቃሽ ራጅም አለ፤ በሰከንድ ብዙ ምስሎችን እያከታተለ አንድ ሙሉ ትንፋሽን ይቀርጻል።

በዘርፉ ትልቁ ወሬ ግን ዜኖን ነው። ተራው ኤም.አር.አይ. የሚሠራው በሰውነት ውኃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን በሚመጣ ምልክት ስለሆነ፣ አየር የሞላው ሳንባ ምስሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ሳይንቲስቶቹ ዜኖን 129 የተባለውን ጋዝ ሩቢዲየም በሚባል ብረት ትነትና በሌዘር ብርሃን አማካይነት ምልክቱን ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ያጎለብቱታል፤ ታካሚው አንድ ሊትር የማይሞላ ጋዝ ስቦ ለ15 ሰከንድ ያህል ይይዛል። ጋዙ አየሩ የደረሰበትን ቦታ ከማሳየቱ በላይ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ወደ ስሱ ግድግዳ ሲገባ አንድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ያለው ምልክት፣ ቀይ የደም ሴል ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ድግግሞሽ ይሰጣል። የሁለቱ ንጽጽር ግድግዳውን አልፎ ደም ላይ የደረሰው ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከሆስፒታል ከወጡ ሦስት ወር ገደማ የሆናቸውና ትንፋሽ የሚያጥራቸውን 9 ሰዎች በዚህ መንገድ አንሥተው፣ ሲቲያቸው ደህና ወይም ለደህና የቀረበ ሆኖ ሳለ ወደ ደም የሚሻገረው ጋዝ ማነሱን አይተዋል። ዘጠኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ሆኖም «ንጹሕ ነው» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ሊደበቅ የሚችለው ነገር በምስል መታየቱ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህን ጋዝ ለሳንባ አየር ስርጭት ምርመራ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ነው። እንግዲህ እዚያም ቢሆን ታካሚው የሚሰማው «ያዙት» የሚለውን ቃል ነው፤ ነገር ግን የተያዘው ትንፋሽ ራሱ ሥራውን ሲሠራ ይታያል።

እኔ በምሠራበት ማእከል ዜኖን የለም፤ ቢኖር እንኳ ዋጋው የሚቀመስ አይሆንም። የሚገርመው ግን ያ ውድ ምስል የሚነግረንን ነገር አብዛኛውን በቁጥር የሚነግረን ምርመራ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። ዴንማርካዊቷ ማሪ ክሮግ እ.ኤ.አ. በ1915 ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ በማስሳብ ሳንባ ጋዝ የማሻገር አቅሙን የሚለካበትን መንገድ አሳትማለች፤ ከቫይረስ የሳንባ ምች በኋላ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ የሚገኘውም ይኸው ልኬት ነው። እስፒሮሜትሪ የአየሩን መጠንና ፍጥነት ይለካል፣ የስድስት ደቂቃ እርምጃው ደግሞ ሰውየው በእንቅስቃሴ ላይ እያለ የሚሆነውን ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ከፍታውን አለመርሳት ግዴታ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህሉ ይጎድለዋል። በዚህ ምክንያት ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጤነኛ ሰው ላይ 93 ወይም 94 ቢያሳይ ያን ያህል አያስደነግጥም፤ የጋዝ ማሻገር ልኬቱም ለከፍታው ካልተስተካከለ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ያደርሳል። ከቁሙ ቁጥር ይልቅ በእርምጃ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ነጥብ መውረዱ የበለጠ ይናገራል። ያ መለኪያ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ጠባይ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሞ ወጥቷል፤ የጥፍር ቀለምና ሂናም ያዛቡታል።

ሰዎች በተለይ አቅም ሲኖራቸው «ለማንኛውም ሲቲ ልነሳ» ይሉኛል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ወይም ከዚያ ያነሰ ጨረር ሲኖረው፣ መደበኛ የደረት ሲቲ 6 አካባቢ ነው፤ በዓለም አማካይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው 2.4 ያህል ነው። አደጋው ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፣ ግን በየሦስት ወሩ ለመደጋገም ምክንያት ሊኖር ይገባል። ፍላይሽነር የተባለው የደረት ምስል ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የጋራ አቋም፣ ካገገሙ በኋላ ሲቲ ይገባቸዋል ያላቸው የአተነፋፈስ አቅማቸው ለቀነሰ ወይም ኦክስጅናቸው ለወረደ ሰዎች ነው። እኔም በዚህ ቅደም ተከተል እስማማለሁ፤ መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ልኬቱ ያስነሳው ጥያቄ ወደ ምስሉ ይምጣ። የእናትየው ሐኪም በሽተኛዋ የሚነፉትን መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ሲቲው እንዲደገም የጠየቁትን አልተቀበለም፤ መሻላቸውን በእስፒሮሜትሪና በእርምጃ ነው የተከታተለው።

ከሐኪሞች ጋር ሁልጊዜ የምነጋገረው ስለ መጠየቂያ ወረቀቷ ነው። ወረቀቷ ላይ «የደረት ሲቲ» ብቻ ተጽፎ ከመጣ ትንፋሽ አስይዤ አንድ ዙር አንስቼ እሸኛለሁ፤ ከተጻፈው ውጪ ጨረር የመጨመር ሥልጣን የለኝም። «ከቫይረስ ሕመም 4 ወር፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል፤ ራጅ ንጹሕ፤ የታሰረ አየር አለ ወይ?» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሥራው ከመነሻው ይለወጣል። ታካሚው ጠረጴዛው ላይ ከመውጣቱ በፊት ኮሪደር ላይ እያለ ማውጣትን እናለማምደዋለን፤ ሁለተኛው ዙር ጨረሩ ዝቅ ተደርጎ ይነሳል፤ ራዲዮሎጂስቱም ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ ያነባቸዋል። በወረቀቷ ላይ የሚጨመረው አንድ መስመር ነው።